ከቬንትሌተር ማላቀቅ፦ ጠዋት ጠዋት የሚጠየቅ ጥያቄ

ጎጃም ውስጥ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምትሠሩ ነርሶችና አዳዲስ ሐኪሞች ስለ ቬንትሌተር፣ በጉሮሮ በገባ ቱቦ ስለሚያስተነፍሰው ማሽን፣ ነው የምጽፈው። አስታማሚ በር ላይ ሲያገኘን «ማሽኑ መቼ ይነቀልለታል?» ይለናል። እኛም ጠዋት ስንገባ እያንዳንዱ አልጋ ጋ ይህንኑ መጠየቅ አለብን። ቱቦው በቆየ ቁጥር የሳንባ ምች ይመጣል፣ የመተንፈሻ ጡንቻውም ይሰንፋል። «ነገ እናየዋለን» ስንል ስንት ቀን እንደሚያልፍ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሴዴሽኑ፣ ማለትም የሚያስተኛው መድኃኒት፣ ይቁም። ሕመምተኛውን የሚጥል በሽታ ካልያዘው ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ካልጨመረ በቀር ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ አቁሙት። ሲነቃ ይደነግጣል፣ ቱቦውን ሊመነጭቀው ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ። «አባባ፣ ሆስፒታል ነዎት። ድምፅ የማይወጣዎት ቱቦው ስላለ ነው። እስቲ እጄን ጨበጥ ያድርጉኝ» በሉት። ልጁን ማስገባት ከተቻለ አስገቡ፤ የሚያውቀው ድምፅ ሲሰማ ረጋ ይላል።

ከዚያ ዝግጁነቱን እዩ። ማሽን ላይ ያስገባው ሕመም እየተሻለው ነው? ማሽኑ የሚሰጠው ኦክስጅን ወደ 40 በመቶ አካባቢ፣ ፒፑ (ትንፋሽ ሲወጣ ሳንባው እንዳይኮማተር ማሽኑ የሚያቆየው ግፊት) ወደ 5 እስከ 8 ወርዷል? የደም ግፊቱ ያለ ብዙ መድኃኒት ተረጋግቷል? ሳክሽን ስታደርጉ፣ ማለትም አክታውን በመሣሪያ ስትመጥጡ፣ በደንብ ያስላል? አንድ ነገር ግን አትርሱ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ጤነኛው ሰው እንኳ የደሙ ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ዝቅ ይላል። 98 በመቶ ካልሞላ ብላችሁ ሰውዬውን ማሽን ላይ አታክርሙት።

ካሟላ ፈትኑት። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አክታውን ምጠጡ፣ ድጋፉን (አየር ሲስብ ማሽኑ የሚያግዘውን ግፊት) ከ5 እስከ 8፣ ፒፑን 5 አድርጉና 30 ደቂቃ ይተንፍስ። ብዙ ቀን የቆየ ከሆነ እስከ 120 ደቂቃ ይሞከር። በደቂቃ የሚተነፍሰውን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ በሚስበው ሊትር አካፍሉት። 25 ጊዜ እየተነፈሰ 0.4 ሊትር የሚስብ 62 ገደማ ይሆናል፣ ጥሩ ነው። 30 ጊዜ እየተነፈሰ 0.25 የሚስበው ግን 120 ነው፤ ከ105 ስላለፈ ይደክማል ብላችሁ ጠርጥሩ። 105 የሚለው ወሰን መጀመሪያ የወጣው ያለ ድጋፍ በሚተነፍሱ ሰዎች ስለሆነ በድጋፍ ስትለኩ ውጤቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ሰውዬውን አያለሁ፦ ላብ፣ የአንገት ጡንቻ መሳብ፣ መቁነጥነጥ። ትንፋሹ በደቂቃ ከ35፣ የልቡ ምት ከ140 ካለፈ ወይም የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ ከወረደ አቁሙ። ወደ ሙሉ ድጋፍ መልሱት፣ ይረፍ፣ ለምን እንደወደቀ ፈልጉ፣ በማግስቱ እንደገና ሞክሩ።

በጣም የምለምናችሁ ኦርጋኖፎስፌት በሚባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ተመርዘው ስለሚመጡት ነው፤ በእርሻ አገር ብዙ ናቸው። መርዙ ያበዛው ምራቅ ደርቆለት፣ ነቅቶ፣ ደህና መስሎ ሳለ፣ ከተመረዘ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ የመተንፈሻ ጡንቻው ድንገት ሊከዳው ይችላል። አንገቱ ቀድሞ ይናገራል። ራሱን ከትራስ አንስቶ 5 ሰከንድ መያዝ ካልቻለ፣ ፈተናውን ቢያልፍም ቱቦውን አትንኩ።

ቱቦውን የምታወጡት በቀን ብርሃን፣ ሰው ሲኖር ይሁን። ሌላ ቱቦ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት)፣ ኦክስጅንና ሳክሽን አልጋው ጋ ይቅረቡ፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ መነሣቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በምድጃ ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች ካሉ ቱቦው እንደወጣ ወዲያው በማስክ የሚሰጠውን የትንፋሽ ድጋፍ ጀምሩላቸው። ከወጣ በኋላ ጉሮሮው ሲጮህ ከሰማችሁ ሐኪም ጥሩ። 48 ሰዓት በቅርብ ጠብቁት። አስታማሚውንም «መዋጡን ሳናይለት ውኃም ሆነ አጥሚት አትስጡት» በሉት፤ በፍቅር የተሰጠ አንድ ጉንጭ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።