የበቀል ትራጄዲን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ ሌላ ዓለም ለማስገባት

የሼክስፒሩን ሐምሌት ጠፈር ላይ ብናደርገውስ? የከዳትን ባሏን የምትበቀለው የግሪኩ ተውኔት ሜዲያ የአንድ ትልቅ እግር ኳስ ክለብ ባለቤት ሚስት ብትሆንስ? የበቀል ትራጄዲን፣ ማለትም የተበደለ ሰው ራሱ ደም የሚመልስበትን አሳዛኝ ተውኔት፣ ወደ ፊልም ለማምጣት እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ወዲያው ቁጭ ብሎ መጻፍ ያሰኛል። ግን ብዙው እንዲህ ያለ ስክሪፕት ገና ሲጀመር ትንፋሽ ያጥረዋል። ጸሐፊው መጀመሪያ የመረጠው ልብሱንና ግድግዳውን ስለሆነ ነው። ቦታው አዲስ ነው፣ ጥሩ። ታዲያ ሰውዬው ደም የሚመልሰው ለምን ራሱ ነው? ሄዶ ለምን አይከስም? ይህን ሳትመልሱ አንድ ትዕይንት እንኳ አትጻፉ።

የድሮዎቹን ተውኔቶች ልብ ብላችሁ እዩ። በሼክስፒር «ሐምሌት» የልዑሉን አባት ገድሎ እናቱን ያገባው አጎቱ ነው፣ እሱም ንጉሡ ራሱ ነው። በ1607 በታተመው «የተበቃዩ ትራጄዲ» በዳዩ የአገሩ መስፍን ነው። በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ደግሞ ሽማግሌው ጄኔራል ምድር ላይ ፍትሕ ቢያጣ ጊዜ አቤቱታውን ቀስት ላይ አስሮ ወደ አማልክት ያስወነጭፋል። ሦስቱም ጋ በዳይና ዳኛ አንድ ወገን ናቸው። አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። የበቀል ትራጄዲ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ደሙ፣ መርዙና እብደቱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ቦታ ስትፈልጉ «የት ያምራል?» አትበሉ። «እዚህ ቦታ ዳኛው ማነው? የተበደለውን ሰው የማይሰሙትስ ለምንድነው?» በሉ። መልሱ ከቦታው ውስጥ ካልወጣ ቦታውን ቀይሩት።

ለዚህ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ምሳሌ የህንዱ «ሀይደር» ነው። ዳይሬክተሩ ቪሻል ባርድዋጅ በ2014 ሐምሌትን ወስዶ የህንድ ጦርና ታጣቂዎች ይዋጉባት የነበረችው የ1995ቷ ካሽሚር ውስጥ አስገባው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የልጁ አባት ሐኪም ነው። አንድ የታጣቂዎች መሪ ቤቱ ደብቆ ሲያክም ይደረስበትና ወታደሮች ይወስዱታል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ የሚናገር ሰው የለም። በካሽሚር እንዲህ የጠፉ ሰዎች በእውነትም ብዙ ነበሩ። ሚስቶቻቸው ልቅሶ ይቀመጡ ወይ ይጠብቁ ሳያውቁ ዓመታት ቆጥረዋል። በዚያ ላይ ያለ ማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ ወታደርን ፍርድ ቤት ማቆም የማይቻልበት ሕግ ነበር። በሩ እንዴት እንደተዘጋ አያችሁ? ባርድዋጅ ምንም መፍጠር አላስፈለገውም። ሐምሌት ዴንማርክን እስር ቤት ናት ሲል ነበር፤ ካሽሚር ላይ ያ አባባል የየቀኑ ኑሮ ሆነ።

ኩባንያም ጥሩ ቦታ ነው። ሐምሌትን ወደ ቢሮ ካስገቡት የፊልም ዳይሬክተሮች መካከል ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1960፣ ፊንላንዳዊው አኪ ካውሪስማኪ በ1987፣ አሜሪካዊው ማይክል አልሜሬይዳ በ2000 ይገኛሉ። ለምን እንደሚመች ግልጽ ነው። ዙፋን ባይኖር ወንበር አለ፣ ዘውድ ባይኖር አክሲዮን አለ። አጎትየው የሟቹን ሚስት ሲያገባ ድርጅቱም አብሮ ይመጣለታል። በካውሪስማኪ ፊልም ሁሉም ነገር የሚሽከረከረው ኩባንያው እንጨት መሰንጠቁን ትቶ የላስቲክ ዳክዬ ንግድ ውስጥ ይግባ በሚል ዕቅድ ዙሪያ ነው፤ የሰው ነፍስ ለምን ያህል ተራ ነገር እንደሚጠፋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማሰብ ይከብደኛል።

ግን ከኩባንያው በር ውጭ ፖሊስ አለ፣ ጋዜጠኛ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ይህን በር መዝጋት የጸሐፊው ዕዳ ነው። ኩሮሳዋ «ክፉዎች በሰላም ይተኛሉ» ላይ እንዴት እንደዘጋው ተመልከቱ። ጉዳዩ በመንግሥት ድርጅትና በግንባታ ኩባንያ መካከል ያለ ጉቦ ነው። መርማሪዎች አሉ፣ ጋዜጠኞችም አሉ፣ እንዲያውም ፊልሙ ሲጀምር ሰርጉ ላይ ቆመው ስለ እንግዶቹ ያወራሉ። ነገር ግን ምርመራው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አንድ የበታች ሠራተኛ ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋል፣ መዝገቡም አብሮት ይዘጋል። ሕጉ አለ፣ ሰዎቹም አሉ፣ ግን ወደ ላይ የሚያደርስ ደረጃ የለም።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ተውኔቱን ደግማችሁ አንብቡና ዝጉት። ከዚያ ሳታዩ፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ ታሪኩን ጻፉት። የረሳችሁት ሁሉ ሊቀር የሚችል ነው። የ«ሐምሌት»ን የኖርዌይ ልዑል፣ ፎርቲንብራስን፣ ካላስታወሳችሁት ይቅር። የቀረውን ደግሞ አንድ በአንድ እያነሳችሁ «ይህ ነገር ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምን ይመስላል አላልኩም፣ ምን ይሠራል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰይፉን በሽጉጥ፣ ደብዳቤውን በስልክ መልእክት ይተካና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

«ሐምሌት» ውስጥ ለልጁ የሚገለጠውን የሞተ አባት መንፈስ ውሰዱ። ሥራው ማስፈራራት አይደለም። ማንም ሊያመጣው የማይችለውን፣ ግን እውነት መሆኑን ማጣራት የማይቻል ወሬ ያመጣል። ልጁን የሚያሰቃየውም ይኸው ነው፤ ቢያምን ሰው መግደል አለበት፣ ባያምን አባቱን መክዳቱ ነው። በ«ሀይደር» መንፈስ የለም። ከአባቱ ጋር አብሮ ታስሮ ከሞት የተረፈ ሰው ይመጣል፤ ኢርፋን ካን ነው የሚጫወተው። የሚያነክስ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ነው። ሰውዬው ሕያው ነው፣ ግን መንፈሱ የሚሠራውን ሥራ አንድም ሳይቀር ይሠራል፤ ከዚያም አልፎ የራሱ ዓላማ ያለው ታጣቂ ስለሆነ ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። አልሜሬይዳ ግን መንፈሱን እንዳለ አስቀረውና ኒው ዮርክ ውስጥ የለስላሳ መሸጫ ማሽን ውስጥ ገብቶ እንዲጠፋ አደረገው። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። ኩሮሳዋ ደግሞ ገልብጦታል፤ ተበቃዩ ሞተ የተባለ ሰው ደብቆ ይይዝና ለጠላቱ በሌሊት ብቅ እያደረገ ያሳብደዋል።

ሐምሌት ንጉሡ ፊት የሚያሠራው፣ በተውኔቱ ውስጥ ያለው ተውኔትም እንደዚሁ ነው። ሥራው ወንጀለኛውን ሕዝብ ፊት አስቀምጦ ፊቱን ማየት ነው። የአልሜሬይዳው ሐምሌት የፊልም ተማሪ ቢጤ ስለሆነ ከየቦታው የለቃቀመውን ምስል ቆራርጦ ቪዲዮ ይሠራል። ሀይደር በእናቱና በአጎቱ ሰርግ ግብዣ ላይ በዘፈንና በጭፈራ ይነግራቸዋል። ኩሮሳዋ ግን አንድ ኬክ ብቻ አስገባ። ሰርጉ መሐል ትልቅ ኬክ እየተገፋ ይመጣል፤ ቅርጹ የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ነው፣ ከሰባተኛ ፎቅ አንዱ መስኮት ላይ አንድ ጽጌረዳ ተሰክቷል። ከዚያ መስኮት የወደቀውን ሰው የሚያውቁ ሁሉ ይደርቃሉ። አንድ ቃል አልተነገረም። ስክሪፕት ስትጽፉ የምትፈልጉት ይህን ዓይነት ነገር ነው፤ ከቦታው ወግ የወጣ፣ ማንም እንግዳ የማይለው፣ ለሦስት ሰዎች ብቻ ግን ሞት የሆነ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። መዘግየቱ። ተበቃዩ ገዳዩን አውቆታል፣ መሣሪያም አለው፣ ታዲያ ለምን ዛሬውኑ አይጨርሰውም? ድሮ ግንብና ዘብ ነበር፣ አሁን ግን አድራሻውን ከስልኩ ያገኘዋል። ሐምሌት ንጉሡን ለብቻው ሲጸልይ አግኝቶ የተወው ነፍሱ ወደ ገነት እንዳትሄድ ብሎ ነው። ዛሬ ያ ምክንያት ብቻውን ተመልካችን አያሳምንም። አልሜሬይዳ ትዕይንቱን ሊሞዚን ውስጥ አደረገው፤ ሐምሌት በሾፌር ቦታ ተቀምጧል፣ አጎቱ ከኋላ ሆኖ ከኅሊናው ጋር ይሟገታል። ቅርበቱ ያስደነግጣል። የእናንተው ምክንያት ከሦስት አንዱ ቢሆን እመክራለሁ፦ ማስረጃው አልበቃውም፣ ወይም አንዱን መግደል ስለማይበቃ ሁሉንም አንድ ላይ ይፈልጋል፣ ወይም ከጠላቱ ወገን የሚወደው ሰው አለ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የኩሮሳዋው ተበቃይ የጠላቱን ልጅ ለበቀል ብሎ አግብቶ ቀስ በቀስ ይወዳታል፤ መጨረሻ ላይ አባትየው ልጁን አታሎ ያለበትን ቦታ ያወጣጣታል። የጠፋው በመውደዱ ነው።

ወደፊት ዘመን የሚወስዳችሁ ከሆነ ዳይሬክተሩ አሌክስ ኮክስ በ2002 የሠራውን ፊልም እዩ። «የተበቃዩ ትራጄዲን» ወስዶ ከአደጋ በኋላ በፈራረሰች ሊቨርፑል ውስጥ አስቀመጠው፣ መስፍኑና ልጆቹ ከተማዋን እንደ ግል ንብረት ይዘዋታል። የወደፊት ዓለም ጥቅሙ ሕጉን ራሳችሁ ማውጣታችሁ ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ ተመልካቹ ሕጉን እስኪያውቀው ድረስ በደሉ አይሰማውም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ማንን መንካት እንደማይችል አሳዩ። ገለጻ አያስፈልግም፣ አንድ ጥፊና አንድ ዝምታ ይበቃል።

ቋንቋው ላይ አታመንቱ። የድሮውን ግጥም ትይዛላችሁ ወይስ ሙሉ በሙሉ ትተዋላችሁ? አልሜሬይዳ ያዘው፣ ኩሮሳዋና ባርድዋጅ ተዉት፣ ኮክስ አሮጌውንም አዲሱንም ቀላቀለ። እኔ መተው ይሻላል ባይ ነኝ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ፊልም። ግጥሙን ከያዛችሁ ግን ሰዎቹ እየጻፉ፣ እየበሉ፣ መኪና እያቆሙ ይናገሩት። ቆመው ወደ ካሜራ ካነበነቡት ቦታው መጋረጃ ብቻ ይሆናል።

ደሙስ? ይህ የተውኔት ዓይነት ደም ይወዳል። በጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ በሴኔካ «ታይስቲስ» ወንድም ለወንድሙ የገዛ ልጆቹን ሥጋ ያበላዋል፤ ታይተስም የጠላቱን ልጆች ጋግሮ ለእናታቸው ያቀርባል። ዳይሬክተሯ ጁሊ ቴይሞር በ1999 የታይተስን ታሪክ ፊልም አድርጋ ስትሠራ ጥንታዊቷን ሮምና የ1930ዎቹን የሙሶሊኒ ጣሊያን አንድ ላይ ደባለቀች። ፊልሙ የሚጀምረው አንድ ልጅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በአሻንጉሊት ወታደሮች ሲጫወት ነው። ጭካኔውን «የድሮ ሰዎች ነገር» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ግን እሷ ያሳየችውን ያህል ለማሳየት የእሷን ያህል ድፍረትና ቁጥጥር ይጠይቃል። አቅም ካነሰ ግሪኮቹን ተከተሉ፤ ግድያውን ከመድረክ ውጭ አድርገው መልእክተኛ እንዲናገረው ያደርጉ ነበር። ኩሮሳዋ የዋናውን ሰው ሞት አላሳየንም። ጓደኛው እየጮኸ፣ የተጨፈለቀችውን መኪና እያሳየ ይነግረናል። ያ ትዕይንት ከየትኛውም የሰይፍ ውጊያ ይልቅ ያማል። የእኔ ምክር አንድ ግፍ ምረጡና በደንብ አሳዩ፣ ሌላውን ደብቁ ነው።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ድምፅ ያልተሰጠው ማን እንደሆነም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። የሐምሌት እናት ገርትሩድ ምን ታውቅ እንደነበር ሼክስፒር አልነገረንም። ባርድዋጅ ያንን ባዶ ቦታ ሞላው፤ ታቡ የምትጫወታት እናት የፊልሙን ፍጻሜ በእጇ ታስገባለች፣ ልጇም አጎቱን መሬት ላይ ወድቆ እያየው ሳይገድለው ይሄዳል። ይህ ፍጻሜ የሚሠራው እናትየው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉ ሰው ስለነበረች ነው። በመጨረሻው ደቂቃ የተጨመረ ምሕረት ቢሆን ኖሮ አናምነውም ነበር። ፍጻሜ ልትቀይሩ ከፈለጋችሁ ለውጡን ከፊልሙ አጋማሽ በፊት ዝሩት።

የመብት ጉዳይ አጭር ነው። የሼክስፒር፣ የሴኔካና «ሜዲያ»ን የጻፈው የግሪኩ የዩሪፒደስ ተውኔቶች የማንም አይደሉም፣ ማንም ሊሠራባቸው ይችላል። አዳዲስ ትርጉሞቻቸው ግን ባለቤት አላቸው፣ እዚህ ያነሳኋቸው ፊልሞችም እንዲሁ። ኬኩ የኩሮሳዋ ነው፤ የእናንተን ፈልጉ። ከትርጉም ላይ ቃል በቃል የምትወስዱት ንግግር ካለ ተርጓሚውን ወይም አሳታሚውን በጽሑፍ አስፈቅዱ፣ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት።