ከልጆች ጋር የጭቃ ካስል መስራት፣ ከዛ መክበብ

ልጆች ስልክ ላይ ጌም ሲጫወቱ የፈረንጆቹን የድሮ ካስል (የመኳንንቱን የግንብ ምሽግ) ያዩና ጥያቄ ይጀምራሉ፣ ለምን በውሃ ተከበበ፣ መስኮቱ ለምን እንደዛ ጠበበ፣ ከላይ ሆነው የሚደፉት ምንድነው። በቃል ብታስረዷቸው በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው ያፈሱታል። ግቢ ውስጥ በጭቃ አሰሯቸው፣ ሲያልቅ ግማሾቹ ይጠብቁ ግማሾቹ ይክበቡ። ካስል እኮ እያንዳንዱ ነገሩ ለሆነ የጠላት ተንኮል የተሰጠ መልስ ነው፣ ይሄ ከገባቸው ሌላውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጎጃም ላደገ ልጅ ደግሞ ከአምባ ጀምሩለት። አባይ ጎጃምን በሶስት በኩል ዞሮ እንደያዘው ያውቃል፣ ተድላ ጓሉ ጅበላ አምባ ላይ ወጥቶ አፄ ቴዎድሮስን እንዴት እንዳስቸገራቸውም አያቱ ሳይነግሩት አይቀሩም። ሰው አምባ ላይ ለምን ይወጣል ብላችሁ ጠይቁት። ገደሉ ራሱ ግድግዳ ነው፣ መውጫው አንድ ወይ ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፣ ከላይ ውሃና እህል ካለ ደግሞ ምን ቸገረህ። እሺ፣ እንግሊዝ አገር ሜዳ ላይ ያለ ሰውዬስ ምን ይሁን? አምባ የለው። ስለዚህ ይሰራዋ! በ1066 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ሲይዝ ሰዎቹ በየቦታው ያደረጉት ይሄንኑ ነው፣ ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራሉ፣ አፈሩን መሀል ላይ ይቆልላሉ፣ ቁልሉ አናት ላይ የእንጨት ማማ ያቆማሉ፣ ከስሩ ለፈረሱ ለወጥ ቤቱ ለወታደሩ የሚሆን በእንጨት የታጠረ ግቢ ያደርጋሉ። በአንድ ቁፋሮ ጉድጓዱም ኮረብታውም ተገኘ ማለት ነው። እንጨት ግን ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ በድንጋይ ተተካ።

ወደ ስራው። ክረምት ልጅ ሁሉ እቤት ስለሆነ ይመቻል ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ የኛ ዝናብ ግድግዳ አያስቆምም፣ ከጥቅምት በኋላ ያለ ቅዳሜ ይሻላል። የድሮዎቹ ካስል ሰሪዎችም ዓመቱን ሙሉ አይገነቡም ነበር፣ ብርዱ ሲመጣ እርጥቡ ኖራ በውርጭ እንዳይሰነጠቅ ያላለቀውን ግድግዳ አናቱን በሳርና በፍግ ሸፍነው እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ጭቃውን ቤት እንደሚመረግበት አድርጋችሁ አዘጋጁት፣ የጤፍ ጭድ ጨምራችሁ ልጆቹ በእግራቸው ይርገጡት (ይቺን ማንም እምቢ አይላችሁም)፣ ሁለት ሶስት ቀን ይደርና እንደገና ይረገጥ፣ አለዚያ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ጠጠር፣ የበቆሎ አገዳ፣ ሲባጎና አንድ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው።

ግድግዳ ከመነሳቱ በፊት ቆርቆሮውን መሀል ላይ ቅበሩትና ውሃ ሙሉት። የውሃ ጉድጓዱ ነው። ልጆች ሁሌ ከግንቡ ነው መጀመር የሚፈልጉት፣ እናንተ ግን "ተከባችሁ ሳለ ምን ትጠጣላችሁ?" በሏቸው። ዶቨር የሚባለው የእንግሊዝ ካስል ዋናው ግንብ ውስጥ ያለው ጉድጓድ ከ100 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ያንን ሁሉ አለት በእጅ የቆፈሩት ውሃ ያለቀበት ካስል በሩን ራሱ እንደሚከፍት ስለሚያውቁ ነው።

ከዛ ዙሪያውን አንድ ክንድ ተኩል በአንድ ክንድ ተኩል የሚሆን መስመር አስምሩና ከመስመሩ ውጪ ቦይ አስቆፍሩ፣ አፈሩ ወደ ውስጥ ይጣል። ግድግዳውን ወፍራም የጭቃ ክምር ብቻ አታድርጉት፣ እንደነሱ ስሩት፤ ከውጪ አንድ ረድፍ ከውስጥ አንድ ረድፍ በደንብ የተደረደረ ጠጠር፣ መሀሉን ጭቃና ስብርባሪ ሙሉት። የእውነተኛው ካስል ግድግዳም እንዲህ ነው፣ ጎንና ጎኑ ጥርብ ድንጋይ፣ ሆዱ ስብርባሪ ድንጋይና ኖራ። ለንደን ያለው ነጩ ግንብ፣ በ1070ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተጀመረው፣ ግድግዳው ከስሩ 4 ሜትር ተኩል ያህል ይወፍራል፣ ከፍታው ደግሞ 27 ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹን 4 ሜትር ተኩሉን መሬት ላይ በእርምጃ አስለኳቸው፣ አፋቸውን ነው የሚይዙት።

ስለ ኖራ ስትነግሯቸው ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ ለቀናት ነዶ፣ ከዛ ውሃ ሲያገኝ እየጨሰ እንደሚፈርስና ያ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ድንጋይን ከድንጋይ እንደሚያጣብቅ በሏቸው። ጢስ አባይ አጠገብ ያለውን የድሮ የድንጋይ ድልድይ ያየ ልጅ ካለ ነገሩ ቅርብ ነው፣ እሱም በ1600ዎቹ በኖራ የተሰራ ነው፣ እንቁላል ተጨምሮበታል ይባላል፣ ልጆች ደግሞ ስንት እንቁላል ብለው እንደሚያደርቋችሁ ከወዲሁ እወቁት። ኖራ በእጃቸው ግን አታስነኩ፣ ዓይን ከገባ ጣጣ ነው፣ ጭቃው ይበቃል።

አንዱን ልጅ ድንጋይ ጠራቢ አድርጉትና ያመጣው ጠጠር ላይ ሁሉ የራሱን ምልክት በከሰል ይሳልበት፣ ሌላኛዋም የራሷን። የዛን ጊዜ ጠራቢዎች ድንጋይ ላይ ምልክታቸውን ይቀርጹ ነበር፣ ማን ስንት እንደጠረበ ተቆጥሮ እንዲከፈለው ነው ይባላል፣ አንዳንዱ ካስል ላይ እስካሁን ይታያል። ስራው የስንት ሰው እንደነበር ለመንገር ደግሞ ቦማሪስ የሚባለውን ዌልስ ያለውን ካስል ጥሩላቸው። በ1295 ተጀመረ፣ ዋናው ግንበኛ ጀምስ የሚባል ሰው በዓመቱ ለንጉሡ ሹማምንት በጻፈው ደብዳቤ 400 ግንበኛ፣ 2,000 የቀን ሰራተኛ፣ 200 ድንጋይ ፈላጭ፣ 30 ጀልባ አለኝ ይላል፣ ገንዘብ ላኩልኝ ሰራተኛው ደሞዙ ዘግይቶበታል እያለ። ካስሉ ብሩ አልቆ ሳይጨረስ ቀረ፣ እስከዛሬም እንደዛው ነው።

ከባዱን ድንጋይ እንዴት ሰቀሉት ካሏችሁ፣ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚራመድበት ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ነበራቸው፣ ሰውየው ሲራመድ ገመዱ ይጠቀለላል ድንጋዩ ይነሳል።

ማማዎቹን አራቱም ማዕዘን ላይ ከግድግዳው ወደ ውጪ ወጣ አድርጋችሁ ስሩ፣ ይሄ ዋና ነገር ነው። ልጁን ጉንጩን መሬት አስነክቶ በአንዱ ማማ ቀዳዳ እንዲያይ አድርጉት፣ ግድግዳው ስር የተጠጋ ሰው ከግድግዳው አናት አይታይም፣ ወጣ ካለው ማማ ግን ጎኑ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀዳዳውን ጭቃው እርጥብ እያለ ከውስጥ በኩል በሰፊ ሽብልቅ እንጨት ውጉት፣ ጫፉ ወደ ውጪ ቀጭን ሆኖ ይውጣ። ቀስተኛው ከውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ያነጣጥራል፣ ከውጪ ያለው ግን ያንን ቀጭን ስንጥቅ ለመምታት መከራውን ያያል።

ሶስቱን ማማ ክብ አድርጉና አንዱን ሆን ብላችሁ አራት ማዕዘን አድርጉት፣ ለበኋላ ይጠቅማችኋል።

በሩ ከሁሉም ደካማ ስለሆነ ብዙ ተንኮል የሚሸረበው እሱ ላይ ነው። ቦዩ ላይ በሲባጎ የሚነሳ ድልድይ፣ ከኋላው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የአገዳ ፍርግርግ (የእውነቱ ወፍራም እንጨት ሆኖ ጫፉ ብረት ነው)፣ ከሱ ኋላ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከዛ ሌላ በር። ጠላት መሀል ላይ ሲገባ የፊቱም የኋላውም ይዘጋና ከጣሪያው ቀዳዳ ድንጋይ ይወርድበታል። የፈላ ዘይት ይደፉ ነበር የሚለው በጣም የተጋነነ ነው፣ እናንተዬ ዘይት ያኔም ውድ ነው! ብዙ ጊዜ የሚወረወረው ድንጋይ፣ የፈላ ውሃ፣ የጋለ አሸዋ ነው፣ አሸዋው የብረት ልብሱ ውስጥ ይገባና ማራገፍ እንኳን አይቻልም።

በሉ አሁን ክበቡ። ልጆቹ ሁሉ ከባቢ መሆን ይፈልጋሉ፣ ሶስት ብቻ ውስጥ አስቀሩ። ጥቂት ሰው ነው የሚጠብቀው፣ ኮንዊ የሚባለው ትልቅ ካስል በሰላም ጊዜ የተመደበለት ጠባቂ 30 ሰው ነበር፣ 15ቱ ቀስተኞች። ድንጋይ መወራወር የለም፣ የተፈለፈለ በቆሎ ቆረቆንዳና የጭቃ ድብልብል ብቻ።

መጀመሪያ በአገዳ መሰላል ይሞክሩ፣ ቦዩ ውስጥ ውሃ ካለ መሰላሉ መቆሚያ ያጣል። ቀጥሎ መወርወሪያ ማሽን ስሩ፤ ሁለት ባላ ትከሉ፣ አግዳሚ አጋድሙ፣ አግዳሚው ላይ ረጅም ዘንግ አንዱ ጫፍ አጭር ሌላው ረጅም ሆኖ እንዲወዛወዝ እሰሩ፣ አጭሩ ጫፍ ላይ ድንጋይ የሞላ ፌስታል አንጠልጥሉ፣ ረጅሙ ጫፍ ላይ ወንጭፍ እሰሩ። ማማ ላይ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ የጠበቀ ልጅ ወንጭፉን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል፣ ገመዱን መቼ ለቅቆት እንደሚወጣ እሱ ያስተካክልላችሁ። በ1304 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ስኮትላንድ ውስጥ ስተርሊንግ የሚባለውን ካስል ሲከብ እንዲህ ያለ ግዙፍ ማሽን አሰራ፣ ውስጥ ያሉት እጅ ሰጠን ሲሉት "ቆይ መጀመሪያ ማሽኔን ልሞክራት" ዓይነት ነገር ብሎ ሳይወረውርባቸው አልለቀቃቸውም።

ከዛ አራት ማዕዘኗ ማማ። ከስሯ በእንጨት ቀስ ብላችሁ ሰርስሩ፣ እየሰረሰራችሁ አጫጭር አገዳ እየደገፋችሁ፣ ማዕዘኑ በአገዳዎቹ ላይ ብቻ ሲቆም አንድ በአንድ ምዘዟቸው። ትንደዳለች። በ1215 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ሮቸስተር የሚባለው ካስል ላይ ያደረገው ይሄንን ነው፣ ድጋፉን እንጨት ለማቃጠል 40 ለመብል የማይሆኑ የሰቡ አሳማዎች ላኩልኝ ብሎ አዘዘ፣ በስባቸው እሳቱን ለኮሰና የግንቡ ማዕዘን ተናደ። ውስጥ ያሉት ግን ከመሀለኛው ግድግዳ ኋላ ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ፣ በመጨረሻ ያሸነፋቸው ረሃብ ነው። በኋላ ያ ማዕዘን ሲጠገን ክብ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ሂዱና እዩት ቢባል ሶስቱ ማዕዘን አንዱ ክብ ነው። ክቡን ስትሰረስሩት ጎልቶ የወጣ ማዕዘን ስለሌለው ቶሎ አይናድም፣ ቦዩ ውሃ ከያዘ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ልጆቹ ይሄን በእጃቸው ሲያዩት "አሃ" ይላሉ።

ካስል ብዙ ጊዜ በጉልበት አይደለም የሚወድቀው። ሶርያ ያለውን ክራክ ደ ሸቫልየ የሚባለውን የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ በ1271 የውጪውን ግድግዳ ከጣሰ በኋላ የውስጠኛውን ያስከፈተው ከጠባቂዎቹ አለቃ የመጣ በሚመስል የሐሰት ደብዳቤ ነው ይባላል። ስለዚህ ከከባቢዎቹ አንዱ "ጋሼ ግቡ ብሏችኋል፣ ምሳ ደርሷል" ብሎ ውስጥ ያሉትን ቢያታልል አትቆጡት፣ ያሸነፈ እሱ ነው።

መድፍ ከመጣ በኋላ ረጅም ቀጭን ግድግዳ ዋጋ አጣ፣ በ1453 የቁስጥንጥንያ ግንብ በመድፍ ሲደበደብ ዓለም ሁሉ አየው፣ ከዛ ወዲህ ምሽግ አጭርና ሰፊ እየሆነ ሄደ። ጎንደር ፋሲል ግንብስ ካሉ፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው፣ ማማና ጥርስ ያለው ግድግዳ አለው፣ ግን ከምሽግነቱ ይልቅ ቤተ መንግሥትነቱ ይበልጣል፣ የግብር አዳራሽ ያለው ነገር።

ሲመሽ ቦዩንም ዋሻውንም መልሳችሁ ድፈኑት፣ ቆርቆሮውንም አውጡት፣ ጥጃ ወይ ሽማግሌ እግሩን ይሰብርበታል። ጭቃው ካልደረቀ ሌላ ቀን ተረግጦ እንደገና ይሰራል፣ ያኔ ጠባቂ የነበሩት ይክበቡ።