ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት ስትወርዱ ቆዳችሁን እንዴት እንደምታግዙት

ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ጃኬቱን ቶሎ አውልቁት፣ ሰውነታችን 37 ዲግሪ አካባቢ ለመቆየት ትርፉን ሙቀት በዋናነት የሚያስወጣው በቆዳ ነው፣ ከቆዳ ስር ያሉት ደም ስሮች ሰፋ ይሉና ሙቀቱን ወደ ላይ ያመጡታል ከዛ ላቡ ሲተን ያቀዘቅዛችኋል። ዋናው ነገር መትነኑ ስለሆነ ናይለን ይቅርባችሁ፣ ሳሳና ሰፋ ያለ ጥጥ ልበሱ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ሰውነቱ ግሎ የሚቀባዥር ሰው ካያችሁ ግን ጥላ ስር አድርጋችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁበት አራግቡለት፣ በፍጥነት ጤና ጣቢያ ይሂድ!

ስትመለሱ ደሞ በላብ የራሰውን ካናቴራ ቀይሩ፣ እርጥብ ልብስ ሙቀት ይወስዳል። እና እባካችሁ ለብርዱ ብላችሁ አረቄ አትጠጡ፣ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ብርዱ ያጠበባቸውን የቆዳ ደም ስሮች መልሶ አስፍቶ ሙቀታችሁን ያስወጣዋል።