የእጅ ሹራብ ልክ አልሆን ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በእጅ የተሠራ ሹራብ ልክ አልሆን ሲል አብዛኛው ሰው የሚረባረበው ጉድለቱ በሚታይበት ቦታ ላይ ነው። እጅጌው ከረዘመ እጅጌውን ያሳጥራል፤ አንገቱ ከሰፋ አንገቱን ያጠባል። ሹራብ ግን ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ነገር ነው፤ ትከሻ ላይ የተበላሸው ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው የእጅ አንጓ ላይ ነው። ስለዚህ መቀሱን ለጊዜው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።

ከሁሉ በፊት አጥበው ይለኩ

ባልታጠበ አዲስ ሹራብ ላይ ፍርድ መስጠት ችኮላ ነው። ሱፍ ውኃ ሲነካው ዘና ይላል፤ ዐይኖቹም (ሹራቡ የተያያዘባቸው የክር ቀለበቶች) ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጥጥ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። በማሽን እንዲታጠብ ተደርጎ የተዘጋጀ ሱፍ ደግሞ ርጥብ ሳለ ባለቤቱን እስኪያስደነግጥ ይረዝማል። ለብ ባለ ውኃ ይጠቡት፤ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ያውጡለት፤ ከዚያም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። ገመድ ላይ ማስጣት አንድ ያልነበረ ችግር ይጨምርልዎታል።

ሲደርቅ ደረቱን፣ የትከሻውን ስፋትና የእጅጌውን ርዝመት ይለኩ። ማወዳደሪያው የሰውነትዎ ልክ ብቻ ሳይሆን የሚወዱት፣ ልክ የሚሆንዎት ሌላ ሹራብ ይሁን። ለወትሮው ልብስ የሹራቡ የደረት ዙሪያ ከሰውነት ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ቢበልጥ ምቹ ነው።

ምልክት፦ እጅጌው ጣት ድረስ ይደርሳል

መስተዋት ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ የሚያዩት እጅዎን ሳይሆን ትከሻዎን ይሁን። እጅጌው የሚጀምርበት መስመር ከትከሻ አጥንትዎ ጫፍ 3 ሴንቲሜትር ወርዶ ከሆነ፣ እጅጌውን ያስረዘሙት እነዚያው 3 ሴንቲሜትሮች ናቸው። ሹራቡን ትከሻው ላይ ቆንጠጥ አድርገው ወደ አንገት ይሳቡት፤ እጅጌው ወዲያው ልኩን ካገኘ ጥፋቱ የእጅጌው አይደለም። (ትከሻው ሆን ተብሎ እንዲወርድ የተሠራ ሹራብ በዚህ አይዳኝም።)

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሹራቡን ይገልብጡት፤ ከአንዱ ትከሻ ጫፍ ተነሥተው በአንገቱ ኋላ በኩል አልፈው እስከ ሌላው ትከሻ ጫፍ ድረስ በኪሮሽ ጠበቅ ያለ ሰንሰለት ስፌቱ ላይ ይሥሩ። ሰብሰብ እንዲል ከፈለጉ በየአራት ወይም በየአምስት ዐይኑ አንዱን ይዝለሉ። ሰንሰለቱ እንደ ሹራቡ ስለማይለጠጥ ትከሻውን ይዞ ያቆመዋል። የሰፋ አንገትና የሚንሸራተት ትከሻ አብረው ሲመጡ ሁለቱንም የሚያድነው ይኸው አንድ መስመር ነው።

ትከሻው ደኅና ሆኖ እጅጌው በእርግጥ ከረዘመ ከየት ወዴት እንደተሠራ ይወቁ። ከላይ ወደ ታች ከሆነ መዝጊያውን (ዐይኖቹ እንዳይፈቱ የታሰሩበትን የመጨረሻ ረድፍ) ፈትተው የሚፈልጉት ድረስ ይተርትሩትና ጠርዙን እንደገና ይሥሩ። ከአንጓ ወደ ላይ ከተሠራ ግን ከጫፉ አልተረተርም ይላል፤ ሹራብ በተጀመረበት በኩል እንደ ልብ አይፈታም። እንዲህ ያድርጉ፦ ከሚቆረጠው ቦታ በላይ ባለው አንድ ረድፍ ላይ የእያንዳንዱን ዐይን አንድ እግር (ዐይኑ ከሚሠራቸው ሁለት ጎኖች አንዱን) በቀጭን የሹራብ መርፌ እየለቀሙ እጅጌውን ይዙሩ። መርፌው ከአንድ ረድፍ ወደ ሌላው እንዳያመልጥ በቂ ብርሃን ይኑር። ከዚያ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብለው አንዲት ክር ብቻ ይቁረጡ። ጫፉ በደነዘ መርፌ ያቺን ክር ዐይን በዐይን እያወጡ ሲዞሩ የድሮው ጠርዝ ራሱን ችሎ ይወድቃል። የተረፉትን ሁለት ረድፎች ይፍቱና መርፌው ላይ ከቀሩት ዐይኖች ወደ ታች አዲስ ጠርዝ ይሥሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። እጅጌ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ አሁን የያዟቸው ዐይኖች ከድሮው ጠርዝ ይበዛሉ፤ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ አመጣጥነው ካልቀነሱ አንጓው ላይ እንደ ደወል ይከፈታል። ሁለተኛው፣ አቅጣጫው ሲገለበጥ ዐይኖቹ በግማሽ ዐይን ይዛነፋሉ። ልሙጥ ሥራ (ፊቱ በሙሉ የፊት ዐይን የሆነ) ላይ ማንም አያየውም፤ የፊትና የኋላ ዐይን በሚፈራረቅበት መስመራማ ሥራ ወይም በተጠላለፈ ንድፍ መሀል ግን ይታያል። ስለዚህ የሚቆርጡት ልሙጡ ላይ ይሁን። አጭር እጅጌ የሚረዝመውም በዚሁ መንገድ ነው።

ምልክት፦ ከፊት ጉሮሮን ያንቃል፣ ከኋላ ወደ ጀርባ ይንሸራተታል

ሹራቡን ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው ይልበሱት። በሁለቱም በኩል ስሜቱ አንድ ከሆነ መንስኤው ተገኘ፦ የፊቱና የኋላው አንገት እኩል ከፍታ አላቸው። የሰው አንገት ግን ወደ ፊት ዘንበል ያለ ነው፤ ኋላው ከፍ ማለት አለበት። ሰፊ ጠርዝ በመጨመር ሊያስተካክሉት የሚሞክሩ አሉ፤ ፊቱን ይበልጥ ከማፈን በቀር ጥቅም የለውም።

የአንገቱን ጠርዝ ይፍቱና ዐይኖቹን መርፌ ላይ ይመልሱ። በኋላው በኩል ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ይሥሩ፤ በእያንዳንዱ ምላሽ ከመጨረሻው አራት ወይም አምስት ዐይን ሲቀር ይመለሱ። ኋላው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል በሁሉም ዐይኖች ላይ ይዙሩና ጠርዙን ይሥሩ። በሚመለሱበት ቦታ ቀዳዳ እንዳይቀር መመለሻውን ዐይን በክሩ ይጠቅልሉት።

ምልክት፦ ፊቱ ከኋላው አጥሮ ይነሣል

ደረት ወይም ሆድ የሹራቡን ርዝመት ይወስዳል። ከትከሻ እስከ ወገብ በፊትም በጀርባም ለክተው ልዩነቱን ይወቁ። ሱፍ ከሆነና ልዩነቱ 2 ሴንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ርጥብ ሳለ ፊቱን ሳብ አድርጎ በመርፌ ቁልፍ ወጥሮ ማድረቅ ይበቃል፤ በየእጥበቱ መደገም ግን አለበት። ከ4 ሴንቲሜትር ካለፈ ለአንገቱ የተጠቀምንበትን የምልልስ ረድፍ ፊቱ ላይ፣ ከደረቱ ሙላት ትንሽ ዝቅ ብሎ ማስገባት ነው። ከላይ ወደ ታች ለተሠራ ሹራብ እስከዚያ ድረስ መተርተር ያዋጣል፤ ለሌላው ሙሉ ዙሪያውን ማስረዘም ይሻላል ባይ ነኝ።

ምልክት፦ የታችኛው ጠርዝ ይከፈታል ወይም ይጠቀለላል

የሚከፈተው ዐይኑ ስለበዛ ወይም መርፌው ስለወፈረ ነው። ፈትተው ከገላው ዐይኖች ከመቶ አሥር ያህል ቀንሰው፣ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊሜትር በቀጠነ መርፌ ይሥሩት። የሚጠቀለለው ደግሞ ልሙጥ ሥራ ስለሆነ ነው፤ ባሕርዩ ነውና ካውያ አያድነውም። 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር መስመራማ ጠርዝ ይጨምሩበት።

ምልክት፦ ሁለንተናው ሰፋ

መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የተዘለለች ናሙና ናት፤ ዐይን ለመቁጠር አስቀድማ የምትሠራ ትንሽ ቁራጭ። በ10 ሴንቲሜትር 22 ዐይን ይገባል ተብሎ ለ100 ሴንቲሜትር ደረት 220 ዐይን ተያዘ እንበል። እጅዎ ላላ ብሎ 20 ዐይን ብቻ ከገባ ሹራቡ 110 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ዐይን ቀላል ትመስላለች፤ ደረት ላይ ሲደርስ ግን ግማሽ ስንዝር ያህል ይሆናል።

በየጎኑ እስከ 2 ሴንቲሜትር በውስጥ ሰፍቶ ማጥበብ ይቻላል፤ ወፍራም ክር ከሆነ ስፌቱ ብብት ሥር ይቆረቁራል። ከዚያ በላይ ከሆነ በስፌት መኪና ሁለት ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮች ሰፍቶ በመሀላቸው መቁረጥ አለ። ይህ የሚሆነው ዐይኖቹ እርስ በርስ ለሚያያዙ ሻካራ ሱፎች ብቻ ነው። ጥጥ፣ ሐርና በማሽን የሚታጠብ ሱፍ ከስፌቱ ሾልከው ይወጣሉ፤ አይሞክሩት። ለእነዚህ ያለው አማራጭ ወይ መተርተር ወይ ሰፋ ያለ ወዳጅ መፈለግ ነው።

ምልክት፦ ጠበበ

ሱፍ ርጥብ ሳለ ወደ ጎን ተወጥሮ ቢደርቅ ጥቂት ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ በዚያው ልክ ግን ያጥራል። አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ለውኃ አይታዘዝም። ካውያው ሳይነካው በእንፋሎት ይላላል፤ አንዴ ከላላ ግን ወደ ነበረበት ስለማይመለስ ናሙና ላይ ይፈትኑት። ይህ ካልበቃ ጎኑን ከፍተው በእያንዳንዱ በኩል 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቅጥያ ያስገቡ፤ ዙሪያው በ8 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ብብቱም የሚይዝ ከሆነ ቅጥያው ወደ እጅጌው ይቀጥል። ክሩ ካለቀ ተመሳሳይ ቀለም ፍለጋ አይድከሙ፤ የቀረበ ግን ያልገጠመ ቀለም ጥገና ይመስላል፣ በግልጽ የተለየው ደግሞ የታሰበበት ንድፍ ይመስላል።

አንገቱ ለጭንቅላት እንቢ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጠበበው መዝጊያው ብቻ ነው፤ ፈትተው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር በወፈረ መርፌ ላላ አድርገው ይዝጉት።

የተተረተረውን ክር እንደተጠማዘዘ አይሥሩበት፤ ዐይኖቹ ይዥጎረጎራሉ፣ ልኩም ያታልላል። ወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልለው አራት ቦታ ላላ አድርገው በክር ይቋጥሩት፤ አርጥበው ሰቅለው ሲደርቅ ቀጥ ይላል።

በሙቅ ውኃ ታጥቦና ተፈትጎ እርስ በርሱ ተያይዞ የተኮማተረ ሱፍ ግን መመለሻ የለውም። ሲቆረጥ ስለማይተረተር ጓንት ወይም የትራስ ልብስ ይወጣዋል።