ዝግጁ የቢአይ ሶፍትዌር ልግዛ ወይስ የራሴን ዳታ ዌርሃውስ ልሥራ? ከመወሰንዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድርጅት ሲያድግ ኤክሴል አይበቃውም። ሽያጩ በአንድ ሲስተም፣ ሒሳቡ በሌላ፣ መጋዘኑ በሦስተኛ ይያዛል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቁጥር ሲጠይቅ ከሦስት ክፍል ሦስት መልስ ይመጣለታል። ያኔ ሁለት ምርጫ ይነሳል። አንዱ ሪፖርቱና ዳሽቦርዱ (ቁጥሮችን በአንድ ገጽ አሰባስቦ የሚያሳየው ስክሪን) ተሠርቶ ያለቀ የቢዝነስ ኢንተለጀንስ (ቢአይ) ሶፍትዌር መግዛት ነው። ሌላው ከሁሉም ሲስተም ዳታ የሚሰበስብ የራስን ዳታ ዌርሃውስ መገንባት ነው። ሁለቱም ያዋጣሉ። እኔ እስከማየው ድረስ ገንዘብ የሚባክነው ቀድመው መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄዎች ሲዘለሉ ነው።

ዲሞ አይቶ መፈረም

የሻጩ ዲሞ ሁልጊዜ ያምራል። ዳታው ለማሳያ ተብሎ የተመረጠና የጸዳ ነዋ! የእርስዎ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ደንበኛ ሌላው «ሀይሉ» ብሎታል። ስልኩ አንዱ ጋ በ09፣ ሌላው ጋ በ+251 ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህን የትኛውም ዝግጁ ሶፍትዌር ብቻውን አያስተካክልልዎትም። ከመፈረምዎ በፊት የራስዎን የአንድ ወር ሽያጭ ሳያጸዱት ይስጧቸውና «በዚህ አሳዩኝ» ይበሉ። ካቅማሙ፣ ባይፈርሙ ይሻላል።

ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ሳይስማሙ መጀመር

ሽያጭ ሲባል 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይካተታል? የተመለሰ ዕቃ ይቀነሳል? የሚመዘገበው ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? ዝግጁው ሶፍትዌር ለእነዚህ ሁሉ የራሱን መልስ ይዞ ይመጣል። የራስዎን ካሠሩ ደግሞ ፕሮግራመሩ በመሰለው ይወስናል። ፋይናንስና ሽያጭ ክፍል ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፤ የተስማሙበትንም በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ካሌንደሩን መርሳት

የሚሠሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ብዙዎቹ የውጭ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በፈረንጆቹ ካሌንደር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ብዙ ድርጅትም ይህንኑ ይከተላል። ሐምሌ 1 በፈረንጅ ጁላይ 8 ነው። ስለዚህ የሶፍትዌሩን ዓመት ከጁላይ እንዲጀምር ቢያስተካክሉት እንኳ፣ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ገና ያለፈው በጀት ዓመት ናቸው። እነዚያ ቀናት ደግሞ ተራ ቀናት አይደሉም። በጀት ሳይቃጠል ለመጠቀም ግዢና ክፍያ የሚጣደፍባቸው ናቸው። ያ ሁሉ እንቅስቃሴ የአዲሱ ዓመት ሥራ ሆኖ ይታያል።

ጳጉሜንም አለች። በሐምሌ በሚጀምር ዓመት የምትወድቀው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ያ ሩብ ዓመት 95 ወይም 96 ቀን ሲኖረው ሌሎቹ ሦስቱ 90፣ 90 ቀን ናቸው። ይህን የማያውቅ ዳሽቦርድ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ሽያጭ የወደቀ ያስመስላል። በቀን አማካይ ቢሰላ ምንም የወረደ ነገር ላይኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት የሽያጭ ሠራተኛ መገሠጽ የለበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ያለው የቀን ሠንጠረዥ ይሠራል። የፈረንጁን ቀን፣ የእኛን ቀን፣ ወሩን፣ ሩብ ዓመቱን፣ በጀት ዓመቱንና በዓል መሆን አለመሆኑን ጎን ለጎን ይይዛል። ዌርሃውስ የሚሠሩ ከሆነ ከሁሉም በፊት ይህን ያሠሩ። የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌሩ የራስዎን የቀን ሠንጠረዥ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። እንደ ፓወር ቢአይና ታብሎ ያሉ መሣሪያዎች ይቀበላሉ። ሪፖርቱ ተሠርቶ ያለቀው ዓይነት ግን ውስጡ ዝግ ሊሆን ይችላል።

የትናንቱን በዛሬው መተካት

የዕለት ሥራ ሲስተሞች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የዛሬውን ነው። አንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ዲስትሪክት ሲዛወር የድሮ ሽያጩም አብሮት ይዛወራል። የአምናው ሪፖርት ዘንድሮ ሲታተም ሌላ ቁጥር ያሳያል። ምንዛሪም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አንድ ተመን ብቻ የሚይዝ ሲስተም የድሮውን ግዢ በአዲሱ ዋጋ አስልቶ አስመጪውን ያሳስተዋል። እያንዳንዱ ግብይት የተፈጸመበት ቀን ተመን አብሮት ይቀመጥ።

የገዙትን እየቀያየሩ የራስ ማድረግ

ዝግጁ የሚገዛው ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ከዚያ «ይህቺን ትንሽ ብንለውጣት» ይባላል፤ ደግሞ ሌላ። ለምሳሌ ኦራክል የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲቤል የተባለ ሌላ የሶፍትዌር ኩባንያ ሲጠቀልል የሲቤልን ዝግጁ የቢአይ አፕሊኬሽኖችም ወረሰ። ከሲስተሞች ዳታ ወስዶ ወደ ዌርሃውሱ የሚጭነው ለዓመታት ኢንፎርማቲካ በተባለ የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ኦዲአይ ወደሚባለው የራሱ መሣሪያ አዞረው። ኢንፎርማቲካ ላይ የራሳቸውን ብዙ ለውጥ የሠሩ ደንበኞች ወደ አዲሱ ለመሻገር ያንን ሥራ እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ለውጡ የበዛበት ሰው ዕዳውም በዛ። የሒሳብ መዝገብና ደመወዝ የመሳሰለው ሥራ በየድርጅቱ ስለሚመሳሰል ዝግጁው ይበቃዋል፤ እንዳለ ይጠቀሙበት። ከተፎካካሪ የሚለይዎትን ሥራ ለብቻው ይገንቡት። እኔ የምመክረው ይህን ቅይጥ መንገድ ነው።

ዌርሃውሱን በአንዴ ልጨርስ ማለት

በዳታ ዌርሃውስ አሠራር የሚታወቁ ሁለት ባለሙያዎች አሉ። ቢል ኢንመን የድርጅቱ ዳታ በቅድሚያ በአንድ ማዕከል ይቀናጅ ይላል። ራልፍ ኪምቦል ከአንድ የሥራ ሂደት መጀመርን ይመርጣል። አቅሙ ውስን ለሆነ ድርጅት ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ጥያቄ ይምረጡ፤ ለምሳሌ «የትኛው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል?» የሚለውን። ለእሱ የሚያስፈልገውን ዳታ ብቻ ይሰብስቡ። አለቃው በቁጥሩ መጠቀም ሲጀምር ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ሁሉን በአንድ ሰው ጭንቅላት ማስቀመጥ

ዌርሃውሱን የሠራው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። መብቱ ነው። ሥራው ሳይጻፍ ከቀረ ግን ሪፖርቱ አንድ ቀን ሲቆም የሚያስነሳው ይጠፋል። ቢያንስ ሁለት ሰው ያሠልጥኑ።

መውጫውን ሳያዩ መግባት

ላይሰንስ ብዙውን ጊዜ በዶላር፣ በየዓመቱ፣ በተጠቃሚ ቁጥር ይከፈላል። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ አይመልከቱ፤ የአምስት ዓመቱን ያስሉ። ውሉ ሲያልቅ ዳታዎ ከነታሪኩ፣ ሌላ መሣሪያ ሊያነበው በሚችል ፎርማት እንደሚሰጥዎት ያስጽፉ። የማውጣቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም እዚያው ውሉ ላይ ይስፈር።