ሳይክሎክሮስን አስፋልት ላይ ለምትነዱ፦ የፊት ጥርስ ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሳይክሎክሮስ፣ ማለትም ለጭቃና ለሣር ውድድር የተሠራው ብስክሌት፣ ለጎጃም መንገድ ይስማማል። አስፋልት ላይ ይሮጣል፣ ኮረኮንች ሲመጣም ወርዳችሁ አትገፉትም። ሰው የሚሳሳተው የፊት ጥርሱ ላይ ነው፤ ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው፣ ካቴናው የሚያልፍበት ባለ ጥርስ ክብ ማለቴ ነው። ሁለት ክብ ካላቸው ብዙዎቹ ትልቁ 46፣ ትንሹ 36 ጥርስ ሆኖ ይመጡ ነበር፣ ለውድድሩ ታስቦ። አስፋልት ላይ ልንነዳው ስናስብ ታዲያ መጀመሪያ የሚመጣልን "ትልቅ ጥርስ ይግባለት" የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። እስቲ እናስላው። ከኋላ ትንሹ ጥርስ 11 ከሆነ፣ 46 ለ11 ሲካፈል 4.18 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ካዞራችሁ በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ባሕር ዳር ዙሪያ ባለው ሜዳ እንኳ ብቻውን ይህን ፍጥነት ይዞ የሚዘልቅ ስንት ሰው አለ? 50 ብታስገቡ የምትጨምሩት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም የሚሰማችሁ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ደግሞ መሬቱ ተንሸራቶ አስፋልቱን ያጎበጠበት ቦታ አለ፣ ከባድ መኪናው አለ። እዚያ የሚያስፈልጋችሁ ጥሩ ፍሬን ነው።

ሁለተኛው፣ ትንሹን ጥርስ መርሳት። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትመለሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ፣ በዚያ ላይ በረሃው ሙቀት ነው። ከፊት 36፣ ከኋላ 28 ይዛችሁ በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባችሁ። እዚያ ዳገት ላይ ብዙ ሰው ይህን አይችልም፤ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ጉልበት መታመም ይጀምራል። የፊቱን ከ36 ወደ 34 ማውረድ የሚያቀለው 6 በመቶ ብቻ ነው። የኋላውን ከ28 ወደ 32 ብትቀይሩት ግን 12 በመቶ ተኩል ይቀላል። ስለዚህ የፊቱን ከመንካታችሁ በፊት የኋላውን እዩ። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ 32 መቀበሉን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛው፣ ሳይለኩ መግዛት። በተለይ ዕቃውን ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ማስመሪያ አውጡና አምስት ብሎን ያለውን ክራንክ (ፔዳሉና የፊት ጥርሱ የሚታሰሩበትን ክንድ) እንዲህ ለኩት፦ ጎን ለጎን ካሉት ብሎኖች ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለውን። 64.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባለ 34 ጥርስ ይገባለታል። 76.4 ከሆነ ደግሞ 130 ነው፣ ከ38 በታች አይወርድም። ባለ አራት ብሎኑ ሌላ ነው፣ ለሞዴሉ የተሠራውን ፈልጉ።

ፍሬሙንም እዩት። ከ46 ወደ 50 ስትሄዱ ጥርሱ ከመሐሉ እስከ ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አንዳንድ የሳይክሎክሮስ ፍሬም ለወፍራም ጎማ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ብረት ከጥርሱ ጋር ሊነካካ ይችላል።

በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነትም ወሰን አለው። ብዙ የአስፋልት ብስክሌት የፊት ማርሽ መቀየሪያ የሚችለው እስከ 16 ጥርስ ነው። 50 ከ34 ጋር ይሄዳል፣ 52 ከ34 ጋር ግን አስቸጋሪ ነው፣ ካቴናው እየወረደ ያናድዳችኋል። ጥርሱ ሲያድግ መቀየሪያውም ከፍ ይበል፣ በእሱና በትልቁ ጥርስ ጫፍ መሐል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር።

የመጨረሻው ካቴናውን እንዳለ መተው ነው። 4 ጥርስ ስትጨምሩ ካቴናው ሁለት ፒን ያህል መርዘም አለበት። አጭር ሆኖ ሳለ ከፊት ትልቁን፣ ከኋላም ትልቁን ካስገባችሁ ይወጠርና የኋላውን መቀየሪያ ገንጥሎ ሊጥለው ይችላል። ከዎርክሾፕ ከመውጣታችሁ በፊት ብስክሌቱን አንሥታችሁ በእጅ እያዞራችሁ ሁለቱንም ትልልቅ ጥርሶች ሞክሩ።