በባሕር ዳር ከፍታ ሚኒሞ እንዴት ይስተካከላል? በግል የተሠራች ትንሽ አውሮፕላን ለማሳረፍ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለው ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው የለመዳችሁትን ቁጥር ቢያሳይም አውሮፕላኗ መሬት የምትነካው 15 በመቶ ያህል ፈጥና ነው። በዚህ ላይ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ካለ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶም ፕሮፔለሩ ይጎትታል፤ አፍንጫዋን ቀና ስታደርጉ አልወርድ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ማኮብኮቢያው ያልቃል።

ሲበዛ ዝቅ ማለቱም አደጋ ነው። አየር ላይ ንፋሱ ፕሮፔለሩን ስለሚያዞር ዙሩ ደህና ይመስላል፤ መሬት ነክታ ፍጥነቷ ሲቀንስ ሞተሩ ይጠፋል።

በትንንሽ አውሮፕላኖች የተለመደው ሮታክስ 912 ሞተር ከ1,400 ዙር በደቂቃ በታች ከወረደ የፕሮፔለሩ ዙር መቀነሻ ማርሽ ይጎዳል፤ ከ1,700 አካባቢ መጀመር ይሻላል። ፕሮፔለሩ ያለ ማርሽ የሚዞርላቸው እንደ ላይካሚንግ ያሉት ሞተሮች ግን ከ600 እስከ 700 ይበቃቸዋል።

ማስተካከያው በጋለ ሞተር ነው፤ ዘይቱ 70 ዲግሪ ይለፍ። ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ጅራቷን እሰሩ። ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን) ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፣ ሁለቱም የእሳት ማብሪያዎች ይዘጉ። ሮታክስ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ካቦው (ከነዳጅ መስጫው የሚመጣው የብረት ገመድ) ነው፦ የነዳጅ መስጫው እጀታ ሲዘጋ የሁለቱም ካርቡሬተሮች ክንድ የሚኒሞ ብሎኑን እኩል መንካት አለበት። አንዱ ካልነካ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙዎች ግን ካቦውን ትተው ብሎኑን ያዞራሉ። ካቦው ከተስተካከለ በኋላ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ሩብ ሩብ ዙር እኩል አዙሩ፣ አስነስታችሁ ለኩ። የዙር መለኪያው ራሱ ስለሚሳሳት ዙርን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ አመሳክሩት።

ከዚያ ከማረፊያው በላይ፣ ከመሬት 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነዳጅ መስጫውን ዝጉ፤ የማረፊያ ፍጥነታችሁን ይዛችሁ በአንድ ደቂቃ ስንት ሜትር እንደወረደች መዝግቡ። ሚኒሞውን በ100 ዙር ቀንሳችሁ በሌላ በረራ ድገሙት፤ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በእያንዳንዱ ሙከራ መጨረሻ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ስጡ። ከተንተፋተፈ ሚኒሞው ወርዷል፣ ወይም የሚኒሞው ድብልቅ ልክ አይደለም። ዝቅ ባለ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይዞ ይወጣል።

ከጣና የሚመጣው እርጥበት ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ሊሠራ ስለሚችል፣ የካርቡሬተር ማሞቂያ ካለ ነዳጅ መስጫው ከመዘጋቱ በፊት ይከፈት። ማሞቂያው ዙሩን ትንሽ ስለሚያወርድ ሚኒሞው ማሞቂያው ተከፍቶ እያለም መፈተሽ አለበት።

እስከ ማኮብኮቢያው አንድ ሦስተኛ መሬት ካልነካች በግድ አትጫኗት፤ ነዳጅ ሰጥታችሁ ተነሱ። በሳሳ አየር አወጣጧ ደካማ ስለሆነ ውሳኔው አይዘግይ።